ጠባሳ የማይተው የደረት ቀዶ ሕክምና፦ የአሳማውና የውሻው ሙከራ ለሰው ምን ይነግረናል?

ጠያቂ፦ ቬት ከቢሾፍቱ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በምሠራበት የትምህርት ክፍል ስለ ሙከራ እንስሳት አጠቃቀም ሴሚናር እንዳቀርብ ተመድቤ፣ ለምሳሌነት ጠባሳ የማይተው የደረት ቀዶ ሕክምናን መርጫለሁ። ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ ለማስረዳት፣ ቀዶ ሐኪሙ የጎን አጥንቶችን ከፍቶ ወይም በመካከላቸው ቀዳዳ አበጅቶ ወደ ደረት ከመግባት ይልቅ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ፣ ኢንዶስኮፕን፣ በአፍ አስገብቶ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ ከውስጥ በመብሳት፣ አለዚያም በመተንፈሻ ቧንቧ፣ በእምብርት፣ አልፎ ተርፎም በሽንት ፊኛ በኩል ዞሮ ሳንባና ልብ ወዳሉበት ክፍል የሚደርስበት ዘዴ ነው። ባለሙያዎቹ ኖትስ በሚል ምሕጻረ ቃል ይጠሩታል።

ካነበብኋቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ በአሳማ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ከታይዋን የወጡት ግን በውሻ ላይ ናቸው። አካሄዳቸው እርስ በርሱ ይመሳሰላል፦ እንስሳው ሰመመን ይሰጠዋል፣ መሣሪያው ይገባል፣ ከሳንባ ናሙና ይወሰዳል ወይም የልብ ከረጢት ይቀደዳል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፤ ከዚያም እንስሳው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ክትትል ተደርጎለት፣ በላ፣ ተራመደ፣ ትኩሳት አላሳየም ተብሎ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም ተገድሎ ደረቱ ይመረመራል። መደምደሚያው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል «ዘዴው የሚቻል ነው» የሚል ነው።

ግራ የገባኝ ይህ «የሚቻል ነው» የሚለው ቃል ለሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው። አንዱ ቡድን አሳማ፣ ሌላው ውሻ የሚመርጠው በምን ምክንያት ነው? የሁለቱ ደረት እርስ በርሱም ሆነ ከሰው ደረት ጋር እንደማይመሳሰል እኛ በአናቶሚ ትምህርት የተማርነው ነገር ነውና፣ ውጤቱ እንዴት ይተረጎማል? ከዚህ በላይ የሚከብደኝ ግን ተማሪዎቼ መጠየቃቸው የማይቀረው ጥያቄ ነው፤ ሸሚዝ ለሚሸፍነው ጠባሳ ሲባል ጤነኛ እንስሳ መግደል ተገቢ ነው ወይ ይሉኛል። መልስ ያላችሁ ባለሙያዎች ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ የደረት ቀዶ ሐኪም

ዶክተር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም «ጠባሳ የማይተው» የሚለው ስም ራሱ ሰሚውን ያሳስታል። እኔ ደረት እየከፈትሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በደረቱ ላይ ስለቀረው ጠባሳ ያማረረኝ ታካሚ በጣም ጥቂት ነው፤ የሚያማርሩት ሕመሙን ነው። በእያንዳንዱ የጎን አጥንት የታችኛ ጠርዝ ሥር ደም ሥርና ነርቭ ተጠግተው ያልፋሉ። ደረትን ለመክፈት የጎን አጥንቶቹን በብረት ስናለያያቸው፣ ወይም በካሜራ ስንሠራ በመካከላቸው ቱቦ ሰክተን ለረጅም ሰዓት ወዲያና ወዲህ ስናጋድለው፣ ያ ነርቭ ይጨፈለቃል። ቁስሉ ደርቆና ክሩ ወጥቶ ከሁለት ወር በኋላም የሚቀጥለው ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ደረታቸው ተከፍቶ ከታከሙ ሰዎች መካከል፣ ቁጥሩ እንደየጥናቱ ቢለያይም፣ ከአራት አንድ፣ በአንዳንዶቹ ጥናቶች እንዲያውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም አብሯቸው ይቆያል። በአፍ ወይም በእምብርት መግባት የተፈለገው ያንን ነርቭ ጨርሶ ላለመንካት ነው። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ የሚያቀርቡት ሚዛን በአንድ በኩል የአሳማ ሕይወት፣ በሌላ በኩል የቆዳ ውበት ያለበት ከሆነ፣ ሚዛኑ ከመጀመሪያው ተዛብቷል።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ደረትን በመሣሪያ ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊድናዊው ሐንስ ክርስቲያን ያኮቤየስ ስለዚሁ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በተፈጥሮ ቀዳዳ የመግባቱ ሐሳብ የተጋጋለው ግን አንቶኒ ካሉና የጆንስ ሆፕኪንስ ባልደረቦቹ፣ በአሳማ ላይ የጨጓራን ግድግዳ በስተው ወደ ሆድ ክፍል መግባት እንደሚቻል በ2004 ካሳተሙ በኋላ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዣክ ማሬስኮ በስትራስቡርግ የአንዲት ታካሚን የሐሞት ከረጢት በሴት ብልት በኩል አወጡ። የሆድ ቀዶ ሕክምና እንዲህ ሊፈጥን የቻለው ይቅር ባይ በር ስላለው ነው፤ የማህፀን ሐኪሞች ያንን በር እያዩት ሲከፍቱትና ሲሰፉት ኖረዋል፤ ቢያመግል እንኳ ሰውን የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው።

ደረት እንዲህ ያለ በር የለውም። የምግብ ቧንቧ፣ እንደ ጨጓራና እንደ አንጀት በውጪ በኩል የሚሸፍነው ስስ ልባስ የለውም፤ ስፌቱ ከለቀቀ ምራቁ ከነጀርሙ በቀጥታ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ ልብና ትልልቆቹ ደም ሥሮች ወዳሉበት ክፍል ይፈስሳል፤ ይህ በሰው ላይ ሲደርስ ደርሰን ያተረፍነውንም ያጣነውንም ስለማውቅ በቀላሉ የምናገረው ነገር አይደለም። ለዚህ ነው የአሳማ ሙከራዎቹ ከመግባቱ ይልቅ ዘግቶ በመውጣቱ ላይ የተጠመዱት።

በ2007 የማዮ ክሊኒክ ቡድን በአሳማ ላይ ያሳየው መላ እስካሁን ይገርመኛል። የምግብ ቧንቧው ግድግዳ እንደ ኩታ ድርብ ነው ብለው ያስቡ። ውስጠኛውን ሽፋን አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ይሰነጥቁና፣ በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ፈሳሽ ወይም አየር እየነፉ ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መሿለኪያ ያበጃሉ፤ ጡንቻውን የሚበሱት ከመሿለኪያው ጫፍ ላይ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ውስጠኛው ሽፋን ተመልሶ በጡንቻው ቀዳዳ ላይ ይተኛል፤ የሚቀረው መግቢያውን በጥቃቅን ክሊፖች መቆለፍ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ስለማይገናኙ ምራቁ መንገድ ያጣል።

ይህ መላ ወደ ሰው ተሻግሯል፤ የተሻገረው ግን ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ ነው። በዚያው በ2007 ፓንካጅ ፓስሪቻና ባልደረቦቹ በአሳማ ላይ እዚያው መሿለኪያ ውስጥ እንዳሉ፣ ወደ ደረት ሳይወጡ፣ የምግብ ቧንቧውን የታችኛ ጡንቻ ቆረጡ። ሐሩሂሮ ኢኖውየ በ2008 በዮኮሃማ፣ የምግብ ቧንቧ ጫፍ አልላላ ብሎ ምግብ ለሚያግደው አካላዥያ ለተባለው ሕመም ይህንኑ በሰው ላይ ሠሩት፤ በ2010 የ17 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ዛሬ ፖየም ተብሎ በብዙ አገር የሚሠራ ሕክምና ነው። በደረቱ ላይ አንዳች ቀዳዳ ሳይኖረው ውኃ መዋጥ የቻለ ታካሚ ያየ ሰው፣ እነዚያ አሳማዎች በከንቱ አልሞቱም ቢል አልፈርድበትም። ሳንባን በዚህ መንገድ የመቁረጡ ጉዳይ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ጊዜ ሳገኝ እመለስበታለሁ።


መልስ፦ ሰመመን ሰጪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው በጀርመን አገር ነው፤ በስም በማልጠቅሰው የምርምር ተቋም ለሙከራ እንስሳት ሰመመን በመስጠት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከጭንቅላቱ በኩል ቆሜ ያየሁትን ልጨምር።

አሳማ የሚመረጥበት ምክንያት ከሳይንስ ይልቅ ከኪስና ከልማድ ጋር ይገናኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ለአዋቂ ሰው የተሠራውን ኢንዶስኮፕ እንዳለ ይቀበላል፤ ለምግብነት ስለሚረባ በቀላሉ ይገኛል፤ ልቡም የሰውን ልብ ይመስላል። ለእኔ ግን አስቸጋሪ እንስሳ ነው። ለስላሳው ላንቃ ረጅም በመሆኑ ማንቁርቱን ይጋርዳል፤ ማንቁርቱ ደግሞ ገና ሲነካ ስለሚጨመደድ ቱቦ ማስገባት ትዕግሥት ይፈልጋል። በአንዳንድ ዝርያዎች የሚተነፈሰው የሰመመን ጋዝ ራሱ ሰውነታቸውን በድንገት ያግለዋል፣ ጡንቻቸውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል። ወደ ቀኝ ሳንባ የላይኛ ክፍል የሚሄደው የአየር ቅርንጫፍ፣ የመተንፈሻ ቧንቧው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የሚወጣ ስለሆነ፣ ቱቦዬን ጥቂት ካሳለፍሁት ያ የሳንባ ክፍል አየር ያጣል። በግራ በኩል ደግሞ ሰው ላይ ያለወትሮው የማይገኝ ትልቅ ደም ሥር፣ በስተግራ ያለው አዚጎስ፣ ቁልቁል ወርዶ ወደ ልብ የራሱ ደም መላሽ ይገባል፤ በምግብ ቧንቧ በኩል ወደ ግራ ደረት የሚወጣ ቀዶ ሐኪም ከዚህ ደም ሥር ጋር ጎረቤት ነው። ስለዚህ በአሳማ ላይ ያጋጠመ የደም መፍሰስ በሰው ላይ ላያጋጥም፣ ያላጋጠመው ደግሞ ሊያጋጥም ይችላል።

ውሻ በተቃራኒው ለሰመመን ገር ነው፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ቱቦው ያለ ትግል ይገባል። ችግሩ ሁለቱን የደረት ክፍሎች የሚለየው መጋረጃ በጣም ስስ መሆኑ ነው፤ በብዙ ውሾች በአንዱ በኩል የገባ አየር ወደ ሌላው ይሻገርና ሁለቱም ሳንባዎች ይጨማደዳሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ይህ መጋረጃ ሙሉ ነው። በአንድ ሳንባ እያስተነፈሱ በሌላው ላይ የመሥራት ልማዳችን በውሻ ላይ እንደ ሰው አይሠራም ማለት ነው።

አንድ ቀን ያጋጠመንን ልንገራችሁ። ኢንዶስኮፑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየነፋ ነው የሚሄደው፤ ምግብ ቧንቧ ውስጥ እስካለ ድረስ ጋዙ በአፍ ተመልሶ ይወጣል። ሐኪሙ የመሿለኪያውን ጫፍ በስቶ ሲወጣና በስክሪኑ ላይ ሮዝማ የሳንባ ገጽ ሲታይ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የማየው ግን ሌላ ስክሪን ነው፤ አየር የምገፋበት ግፊት ወደ ላይ፣ የደም ግፊቱ ቁጥር ወደ ታች መሄድ ጀመረ። ጋዙ የገባበት ደረት መውጫ የለውም፤ ሳንባውን ካጨማደደ በኋላ ልቡን ወደ ሌላው ጎን መግፋት ይቀጥላል። «ጋዙን ዝጉ!» ብዬ ጮህሁ፤ ረዳቱ በጎን አጥንቶች መካከል ወፍራም መርፌ ሲሰካ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቁጥሮቹ ተመለሱ። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው «ጊዜያዊ የደም ግፊት መቀነስ ታይቶ ተስተካክሏል» የሚል ነው። በደረቱ ላይ መርፌ የተሰካበት አሳማ ጠባሳ ከሌላቸው ጋር ተቆጠረ።

«በላ» የሚለውንም ምዝገባ በጥንቃቄ ያንብቡት። አሳማ እየታመመም ይበላል። አንዱን በማግስቱ ጠዋት ስጎበኘው ባልዲውን በአፍንጫው እየገፋ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ «ምግብ ወስዷል፣ ንቁ ነው» ተባለ። በ14ኛው ቀን ከተገደለ በኋላ በተደረገው የበድን ምርመራ (ፖስትሞርተም) ግን የሳንባው የታችኛ ጫፍ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራሙ ጋር ተጣብቆ፣ ከምግብ ቧንቧው ጎን የሽምብራ ፍሬ የምታህል የመግል ቋጠሮ ተገኘች። ያ እንስሳ ለሁለት ሳምንት በመዝገብ ላይ ጤነኛ ነበር። እንስሳት ሕመማቸውን መደበቅ የተፈጠሩበት ነው፤ እርስዎ የእንስሳት ሐኪም ስለሆኑ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ከዕለት ምዝገባው ይልቅ ፖስትሞርተሙን፣ ከፖስትሞርተሙም የጥቂት ሚሊ ሜትር ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የታየበትን ክፍል እመኑ እላለሁ።

በሴሚናሩ ላይ ሳይነሳ እንዳይቀር የምፈልገው አንድ ልዩነት አለ። አንዳንዱ ሙከራ እንስሳው ከሰመመኑ ሳይነቃ የሚያበቃ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ ይህ ራሱን የቻለ የጉዳት ደረጃ ነው፤ እንስሳው ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ምንም አያውቅም። ሌላው ነቅቶ ከቁስሉ ጋር የሚኖርበት ነው። የመግቢያ መንገድን ለመሞከር የመጀመሪያው ይበቃል፤ የመዝጊያውን ጥንካሬ ግን የሚያሳየው ሁለተኛው ብቻ ነው። ተማሪዎችዎ በ1959 ራስልና በርች ያቀረቡትን መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል የሚለውን ሦስትነት በቃል ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ እዚህ ላይ በተግባር ምን እንደሚመስል ያዩታል፤ በሬሳና በፕላስቲክ አምሳያ ሊሞከር የሚችለውን መግቢያ በነቃ አሳማ ላይ የሞከረ ቡድን ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።


መልስ፦ የእናቴ ልጅ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ቀዶ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ የጻፉትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። እናቴ በሳንባዋ ላይ በነበረ ቋጠሮ ምክንያት በቀኝ ጎኗ ተከፍታ ከታከመች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ሐኪሞቿን እግዜር ይስጣቸው፣ በሽታዋ ተመልሶ አልመጣም። ጠባሳውን ያየነው እኔና እኅቴ ብቻ ነን፤ እርሷ አንድም ቀን ስለ መልኩ አንሥታ አታውቅም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን በዚያ በኩል ማጣፋት አትችልም፤ ጨርቁ ሲነካት እሳት እንደነካት ትሆናለች። ስትታጠብ ውኃውን በእጇ ዳስሳ ነው የምታፈስሰው። ጡት መያዣ ከተወች ቆይታለች። እኛ መጀመሪያ ቁስሉ አልዳነ ይሆናል ብለን ደጋግመን ወስደናት፣ ቁስሉ ድኗል ተባልን፤ ነርቭ ነው ብሎ በቅጡ ያስረዳን ሰው ያገኘነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ዶክተር፣ በእነዚያ እንስሳት ላይ ይህ ዓይነቱ ሕመም ተለክቶ ያውቃል? ልብስ አይለብሱም፤ ታዲያ ጨርቅ ሲነካቸው እንደሚያማቸው በምን ይታወቃል?


ጠያቂው፦ ቬት ከቢሾፍቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኅታችን የጠየቁት ጥያቄ ከእኔ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ ነው፤ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። እኔ እስካነበብሁት ድረስ የሚለካው የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የትኩሳት መጠን፣ በደም ውስጥ የሚታየው የብግነት ምልክትና ክብደት ነው። እኛ በእንስሳት ክሊኒክ ቆዳን በስስ የናይሎን ክር በመንካት እንስሳው የሚያሳየውን ምላሽ የምንመዝንበት ዘዴ አለን፤ በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ለምን ዋና መለኪያ እንዳልሆነ አልገባኝም፤ የዘዴው ምክንያት ነርቩን ማዳን ከሆነ መጀመሪያ መለካት የነበረበት እርሱ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙን ደግሞ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከሳንባ ናሙና ከተወሰደ በኋላ የደረት ማፍሰሻ ቱቦ ይገባል፤ ያ ቱቦ የሚገባው በጎን አጥንቶች መካከል ከሆነ፣ በአፍ መግባቱ ምን ጠቀመ? በተጨማሪም የታይዋኖቹ ሙከራ ከተለመደው የካሜራ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ምን እንዳሳየ፣ ከዚያም በሰው ላይ ምን እንደደረሰ ቢያብራሩልኝ።


መልስ፦ የደረት ቀዶ ሐኪም

የቱቦው ጥያቄ የዘዴው የቁርጭምጭሚት ሕመም ነው፤ በሄደበት ሁሉ ያስነክሰዋል። አንዳንዶቹ ቡድኖች ቱቦውን በገቡበት መንገድ አስወጥተው አየሩን ስበው ካወጡ በኋላ እዚያው ይነቅሉታል፤ ሳንባው አየር ካላፈሰሰ ይህ ይበቃል። ካፈሰሰ ግን ቱቦው ለቀናት መቆየት አለበት፤ ለቀናት የሚቆይ ቱቦ በሰው ጉሮሮ ውስጥ አይተውም። ያን ጊዜ በጎን አጥንቶች መካከል መግባት የግድ ይሆናል፤ ነርቩን ላለመንካት የተደረገው ልፋትም ያበቃል።

የታይዋኑ የቻንግ ጉንግ ሆስፒታል ቡድን ሥራ በመስኩ ውስጥ ከማከብራቸው አንዱ ነው፤ በዋናነት የማከብረው በምግብ ቧንቧው ችክ ባለማለታቸው ነው። ከታችኛው ከንፈር ጀርባ ያለውን የአፍ ሽፋን ከፍተው በአንገት ፊት በኩል ቁልቁል ወደ ደረት ወረዱ፤ በእምብርት በኩልም ድያፍራምን አልፈው ገቡ፤ በሁለቱም መንገድ ከሳንባ ናሙና ወሰዱ፣ የልብ ከረጢትን ከፈቱ። አፍ ውስጥ ያለው ቁስል በዓይን እየታየ ይሰፋል፣ ቶሎም ይድናል፤ ቢለቅ እንኳ እንደ ምግብ ቧንቧ አይገድልም። ከተለመደው የካሜራ ቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽረው የደም ዝውውሩንና የብግነት ምልክቶቹን ለክተዋል፤ ልዩነቱ የጎላ አልነበረም። ይህን አንዳንዱ «አዲሱ ዘዴ አይጎዳም» ብሎ ያነበዋል፤ እኔ ደግሞ «አዲሱ ዘዴ እስካሁን አልጠቀመም» ብዬ አነበዋለሁ። ጽሑፉ ሁለቱንም ንባብ ይፈቅዳል።

በልብ ከረጢቱ ላይ ደግሞ የራሴ ቅሬታ አለኝ። በእኛ አገር ልብ ዙሪያ ውኃ የሚቋጠርበት ሰው ብዙ ጊዜ መነሻው ቲቢ ነው፤ ውኃውን በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ እንቀዳዋለን፤ ካስፈለገም ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍተን ከረጢቱን እንቀደዋለን። በዚያ መንገድ የጎን አጥንት ነርቭ አይነካም። ስለዚህ በአፍ የመግባቱ ዘዴ መወዳደር የነበረበት ከዚህ ቀላል ሥራ ጋር ነው፤ በጎን አጥንቶች መካከል ከሚገባው ጋር ብቻ ሲወዳደር ተጋጣሚውን ራሱ የመረጠ ቡድን ይመስላል።

በሰው ላይ የደረሰው አንዱ በእጅ መዳፍ ላይ ለሚበዛ ላብ የሚደረገው የነርቭ ማቋረጥ ነው። በቻይና ፉዡ ከተማ ሐኪሞች በእምብርት በኩል በጣም ቀጭን ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ አስገብተው፣ ድያፍራሙን በስተው፣ ከአከርካሪው ጎን ያለውን ነርቭ በማቃጠል ያከሟቸውን የ38 ታካሚዎች ውጤት በ2013 አሳትመዋል። ይህ የተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ታካሚዎቹ ወጣቶችና ጤነኞች ናቸው፣ ሳንባቸው ያልተጣበቀ ነው፣ የሚቆረጥና የሚወጣ ሥጋ የለም፣ አየርም አይፈስስም። ማለትም ታካሚዎቹ የሙከራውን አሳማ ይመስላሉ። ወደ እኔ የሚመጣው ታካሚ ግን ለዓመታት ያሳለው፣ ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ጋር እንደ ሙጫ የተጣበቀ ሰው ነው፤ ያንን ለማላቀቅ ጣትና ጠንካራ መሣሪያ ያስፈልጋል። በወጣት አሳማ ላይ ሳንባው ተንሸራቶ የሚሰጠው ውብ ምስል እኔን የማያስደስተኝ ለዚህ ነው።

ሳንባን ቆርጦ ማውጣትን በተመለከተ፣ ያስቆመው የመሣሪያው ስፋት ነው። ሳንባን እየሰፋ የሚቆርጠው ስቴፕለር 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ በተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ ውስጥ ያለው የመሣሪያ መተላለፊያ ከ2.8 እስከ 3.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ እስኪፈታ ሲጠበቅ ሌላ ነገር ቀድሞ ደረሰ፤ ጋኤታኖ ሮኮ በ2004 በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሳንባ ቁራጭ ማውጣትን አሳተመ፤ ዲዬጎ ጎንዛሌዝ ሪቫስ ደግሞ በ2010 በስፔን ላ ኮሩኛ አንድ ሙሉ የሳንባ ክፍል በአንድ ቀዳዳ አወጣ። ቀጥሎም ከደረት አጥንት ጫፍ በታች በሚከፈት አንድ ቀዳዳ የሚሠራው መጣ፤ እርሱ የጎን አጥንቶቹን መካከል አይነካም። ሦስትና አራት ቀዳዳ የነበረው ወደ አንድ ከወረደ በኋላ፣ ያንን አንዱን ለማስቀረት ሲባል የምግብ ቧንቧ መብሳትን ለታካሚ የማስረዳ አንደበት የለኝም።

ለእኅታችን፦ እናትዎ የሚሰማቸው ነገር ስም ያለው ሕመም ነው፤ ለተራ ቁስል የሚሰጠው ማስታገሻ ብዙም አይረዳውም፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ነርቩን በመርፌ ማደንዘዝም ይቻላል። የሕመም ሕክምና ባለሙያ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ «ቁስሉ ድኗል» የሚለው መልስ አይመልሳችሁ።


መልስ፦ ሰመመን ሰጪ

ስለ ናይሎኑ ክር የተነሣው ትክክል ነው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ቀርቦ የነበረ ሲሆን፣ እንስሳውን ቆሞ መንካት ሳይፈራ እንዲቀበል ለሳምንታት ማለማመድ ስለሚጠይቅ ከበጀቱ ተሠርዟል። ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚኖር እንስሳ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላም ስለሚቀጥል ሕመም ሊነግረን አይችልም፤ ይህ የሙከራዎቹ ዕድሜ ያመጣው ጉድለት ነው፤ በክርም በሌላም አይሞላም።

ለሴሚናሩ የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠቁም። በትምህርት ክፍላችሁ ለአናቶሚ የሚመጣ ትኩስ የውሻ በድን ካለ፣ ደረቱን ከመክፈታችሁ በፊት በቀኝ በኩል ብቻ በጎን አጥንቶች መካከል በመርፌ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ አስገቡ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ በግራ በኩል ይክፈቱ። ቀለሙ ተሻግሮ ካገኙት፣ የውሻ ደረት በሰው ቦታ ሲቆም የት ላይ እንደማያስተማምን ያለ ብዙ ንግግር ያዩታል። ውኃው ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም ለብ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ በድኑንም በሆዱ በኩል አስተኙት፤ በጎኑ ከተኛ ውኃው በአንድ ወገን ይከማችና ያታልላችኋል።